የሸክላ ቀለም ቀሚስ

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ የግቢውን በር ቀለም ሲያስቀባ ነበር። እኔ መስኮቱ ሥር መስታወት ፊት ተቀምጬ ከንፈሬን እየተቀባሁ ሳለ ነፋሱ የዘይት ቀለሙን ሽታ ይዞ ገባ፤ እጄ መሃል ላይ ቆመ። ያ ሽታ ለሌላው ሰው ራስ ምታት ነው። ለእኔ ግን አባቴ ነው። ቅድም አንቺ መጥተሽ "ይሄን የከንፈር ቀለም ማን መረጠልሽ? እንዴት ያምርብሻል!" ስትዪኝ ዝም ያልኩሽ ለዚህ ነው። መልሱ አጭር ስላልሆነ ተቀመጪና ልንገርሽ።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይሥል ነበር። ትውልዱ አርማጭሆ፣ ትክል ድንጋይ የምትባል ከተማ ነው፤ በልጅነቱ ቅኔ ሊማር ጎንደር መጥቶ በዚያው ቀረ። ሰው ሁሉ መሪጌታ ነው የሚለው። የግቢያችን ጥግ ላይ ያለችው ጠባብ ክፍል የሥራ ቤቱ ነበረች፤ በሩን ስከፍተው የዘይትና የሙጫ ሽታ ይቀበለኛል፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ፊታቸው ያላለቀ መላእክት ተደግፈው ይቆማሉ።

ሁለት ሴት ልጆች ነበርን። ታላቅ እህቴ በመልክ አባቴን ወጣች፣ ቀይ ናት። እኔ እናቴን ወጣሁ፤ እንደምታዪኝ ጥቁር ነኝ፣ ጠይም እንኳ አይሉኝም። ዘመድ ቤት ስንሄድ "ቀይዋ መጣች፣ ጥቁሯም መጣች" ይሉናል። ክፉ አስበው አይደለም፤ እንደ ስም ሆኖ ቀርቶ ነው። ግን ቀስ በቀስ ውስጤ ገባ። ደፈር ያለ ቀለም መልበስ ተውኩ። ግራጫ፣ ውሃ ሰማያዊ፣ የነጣ ቢጫ፣ ብቻ ሰው ዓይን የማይገባውን እመርጥ ነበር። ደማቅ ልብስ ለጥቁር ሰው አይሄድም የሚለውን ነገር ማን እንደነገረኝ ዛሬም አላውቅም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ዓመት እህቴ ልታገባ ሆነ። ሰርጉ ለጥር፣ ከጥምቀት በኋላ ተቆረጠ። እኔ አንደኛ ሚዜ ሆንኩ፤ ጓደኞቿ ደግሞ ተከታዮቼ። ለሁላችንም ፈዛዛ ሮዝ ሳቲን መረጠችልን። ለጓደኞቿ ያምርባቸው ነበር። እኔ ስለካው ልብሱ ብቻውን የቆመ፣ እኔ ከኋላው የጠፋሁ መሰለኝ። ቢሆንም ሰርጉ የእሷ ነው ብዬ ተቀበልኩት።

አንድ ቀን ሜካፑን አስቀድመን እንሞክረው ብላ ፒያሳ አንድ ፀጉር ቤት ወሰደችኝ። ቤቱ የጋለ ፀጉርና የጥፍር ቀለም ይሸታል፣ የፀጉር ማድረቂያ ካስኮቹ ያጉረመርማሉ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። እህቴ ከኋላዬ ቆማ ለፀጉር ሠሪዋ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

"እባክሽ ትንሽ ቀላ አድርጊልኝ" አለቻት።

ሰማሁ። ፀጉር ሠሪዋ ፋውንዴሽኑን ቀባችኝ፣ በላዩ ፓውደር ደረበችበት፣ በመጨረሻ ሮዝ ሊፕስቲክ። "እዪው እስቲ፣ አበባ!" አለችኝ። ዓይኔን ስገልጥ መስታወቱ ውስጥ ዱቄት ሲነፋ የዋለ ሰው አየሁ። አንገቴ የእኔ ነው፣ ፊቴ ግን የማን እንደሆነ አላውቅም። ከንፈሬ የተላጠ ይመስላል። እህቴ "ታምሪያለሽ" አለች፤ ስትለኝ ግን ዓይኗ ሌላ ቦታ ነበር።

እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላስታውስም። ግቢው ውስጥ ቧንቧው ሥር ተንበርክኬ ፊቴን ስታጠብ ውሃው እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ይወርዳል። አባቴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከሥራ ቤቱ ወጣ።

"ምነው ልጄ?"

"ሚዜ አልሆንም።"

"ምነው?"

"ፀጉር ሠሪዋን ቀላ አድርጊልኝ አለቻት።" ፊቴን መልሼ ውሃው ሥር ደፋሁ።

አባቴ አላባበለኝም፤ ማባበል አያውቅበትም። "ነይ ግቢ" ብሎ ወደ ሥራ ቤቱ ወሰደኝና ከግድግዳው አንዱን ገና ያልተጨረሰ ሥዕል አነሳ። የፊቱ ቦታ ላይ ያለው ወደ ቀይ የሚያደላ ጥቁር ቡኒ ብቻ ነው።

"ፊት ስሠራ በምን የምጀምር ይመስልሻል?"

"በነጭ?"

"በነጭ የጀመርኩ እንደሆነ የሚወጣው ሬሳ ነው። ከሥር ቀይ አፈር አለ። ሕይወቱ እሱ ነው።" ከዚያ አገጬን ይዞ ወደ በሩ ብርሃን አዞረኝ። "ያንቺ ፊት ከሥሩ እሳት አለበት። አመድ የመሰለ ነገር ስትደርቢበት አዳፈንሽው። ነገ ገበያ እንወጣለን።"

"አባባ፣ ከኔ ጋር?"

"ምነው? ቀለም መግዛት ሥራዬ አይደል?"

በነጋታው ጥምጥሙን አሣምሮ፣ ጋቢውን ደርቦ ከፊት ከፊቴ ሄደ። ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ ተራ ስንደርስ ባለሱቁ ከመቀመጫው ተነሣ።

"መሪጌታ፣ ለመጋረጃ ነው?"

"ለልጄ ነው።"

አባቴ ምንም ሳያመነታ እንደ ሎሚ ቢጫ የሆነ ጨርቅ አወረደ። ከሱቁ ደጃፍ ፀሐይ ላይ አቁሞኝ ጨርቁን ከአገጬ ሥር ዘረጋው። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ፣ ሥዕል ሲመረምር እንደሚያደርገው አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ድንገት ሳቁን ለቀቀው።

"ኧረ በስመ አብ! ወባ የያዘሽ መሰልሽ!"

ባለሱቁም ሳቀ፣ እኔም ከስንት ቀን በኋላ ሳቅሁ። ያን ለት ከሁሉ የማስታውሰው የአባቴን ሳቅ ነው። አሁን ካረፈ ዓመታት አልፈዋል፤ ያ ሳቅ ግን ጨርቅ ተራ ባለፍኩ ቁጥር ይሰማኛል።

ከዚያ በኋላ አልቸኮለም። ግራጫውን አስጠግቶ "ጠፋሽ" አለኝ። ውሃ ሰማያዊውን፣ "በረደሽ"። የሰናፍጭ ቀለም ያለውን ሲያስጠጋ "እህ፣ መጣሽ" አለ። ባለሱቁ ነገሩ ጣመውና መሰላል ላይ ወጥቶ ከላይኛው መደርደሪያ ከእሳት አሁን የወጣ ሸክላ የሚመስል ጥቅል ጨርቅ አወረደ። አባቴ ከአገጬ ሥር ዘረጋው። ባለሱቁ ከባንኮኒው ሥር መስታወት አውጥቶ ሰጠኝ። ጉንጬ ላይ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቅ ሙቀት ነበር። ዓይኔ ጠርቷል። ጥቁረቴ እዚያው ነው፣ ግን ያበራል።

"ሸጋ" አለ አባቴ። ጨርቁንም አስቆረጠ።

ከዚያ ኮስሞቲክስ ቤት ገባን። ጥምጥም ያሰረ ሰው ሊፕስቲክ ሲመርጥ ስታይ ሻጯ አፏን በእጇ ያዘች። እሱ ግድም አልሰጠው። አንዱን በገዛ እጁ ጀርባ ላይ ሞከረና "የኔ ቆዳ ይዋሻል፣ ያንቺን አምጪ" አለኝ። ሮዙን ተወው፤ የደረቀ በርበሬ የሚመስለውን ቡናማ ቀይ መረጠ። ቀጥሎ ሻጯን "የገዛ ፊቷን የሚመስል ዱቄት አለሽ?" ሲላት ልጅቷ ከካርቶን ሥር ብዙ ፈልጋ አቧራ የጠጣ አንድ ዕቃ አወጣች። "ይሄን ማንም አይጠይቀኝም፤ ሁሉም ነጣ ያለውን ነው የሚወስደው" አለች። ዛሬ የእህቴ ልጆች የትኛው ቀለም እንደሚሄድላቸው ስልካቸውን ይጠይቃሉ። እኔ አሁንም ጨርቁን ይዤ ወደ ደጅ ነው የምወጣው።

ቀሚሱ ተሰፍቶ ሲያልቅ በሩ ላይ ሰቀልኩት። እህቴ ገብታ አየችው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ቀሚሴ ነው።"

"ሮዙስ?"

"አልለብሰውም። ካልሆነ ሌላ ሚዜ ፈልጊ።" እህቴን እንዲህ ተናግሬያት አላውቅም።

ተቆጥታ የምትወጣ መስሎኝ ነበር። ቀሚሱን ከበሩ ላይ አውርዳ "እስቲ ልበሽውና ልይሽ" አለችኝ። ለብሼ፣ ከንፈሬን ተቀብቼ ወደ ግቢው ወጣሁ። የከሰዓት ፀሐይ ነበር። ለረጅም ጊዜ አየችኝ፣ ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች።

"ምነው? ይሄን ያህል አስጠላሁ?"

"አይደለም።" አፍንጫዋን ጠረገች። "ልጆች ሆነን እጅ ለእጅ ተያይዘን ስንሄድ፣ ሰው 'ቀይዋ' ብሎ ሲጠራኝ እጄን ትለቂው ነበር። ሁልጊዜ። በሰርጌ ቀን ደግሞ ሰው አስተያይቶን እንዳትርቂኝ ፈራሁ። ብንመሳሰል ይሻላል ብዬ ነው። ሞኝ ነኝ።"

እጇን እንደምለቅ እንኳ አላውቅም ነበር። እሷ ግን ያን ሁሉ ዓመት ታውቅ ኖሯል። አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ቀሚሱ እንዳይቆሽሽ ከሥሬ ነጠላዋን አነጠፈችልኝ።

የሰርጉ ለት ፎቶ ልንነሣ ወደ ቀሐ ወንዝ ወረድን። ዛፎቹ ሥር ብርሃኑ እየተሰባበረ ይወርዳል፣ መኪኖቹ ጡሩንባ ይነፋሉ። ፎቶ አንሺው የእኔ ልብስ ከሌሎቹ ስለማይገጥም ወደ ዳር እንድወጣ ጠቆመኝ። መንቀሳቀስ ስጀምር እህቴ እጄን ጨብጣ አስቀረችኝ።

"እሷ ከኔ ጎን ናት" አለችው።

ከዘመዶቻችን አንዷ፣ አሮጊት አክስታችን፣ በልጅነቴ አቅፋ ያሳደገችኝ ሴት፣ "ያቺ ባለ ሸክላ ቀሚሷ የማን ልጅ ናት?" ብላ ጠየቀች አሉ።

ሲመሽ ሙሽሮቹን ሸኘን። መኪናዋ ቁልቁለቱን ወርዳ ጡሩንባው እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። እናቴ ዳሱ ውስጥ ከእንግዶቹ ጋር ቀረች። ጫማዬ እግሬን ልጦት ስለነበር ልብሴን ልቀይር ወደ ቤት ስሄድ አባቴን ከሥራ ቤቱ ደጃፍ ብቻውን ቁጭ ብሎ አገኘሁት።

"ልታወልቂው ነው?" አለኝ።

"አዎ አባባ። ምነው?"

"ትንሽ ቆዪበት እስቲ። አንዷ ሄደች። አንቺም ልብስሽን ስትቀይሪ ሰርጉ ያልቃል።"

ጫማዬን ብቻ አውልቄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ግቢው ጨልሞ የቀሚሴ ቀለም እስኪጠፋ ድረስ እዚያው ነበርን።