በጨረቃ ለሚኖሩ ሁለት ወንዶች የገባ ስለት

በታይላንዷ ከተማ በናኮን ሳዋን ገበያ አክስት ላምዱዋንን የማይፈራ ነገር ቢኖር የመብራት ምሰሶው ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን እሷ ስታልፍ ትንሽ ዘመም ይላል ይባላል። ሥራዋ በተማሪዎች ሸሚዝ ደረት ላይ ስም በክር መጥለፍ ነው። በከተማው ስሙን ያልጠለፈችለት ሰው ስለሌለ ሹሙንም ነጋዴውንም እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው የምትቆጣው። የቡድሃ ገዳሙን የለቅሶ ምግብ የምታዘውም እሷ ናት፤ ሬሳው ራሱ ሳያስፈቅዳት አይቃጠልም።

የወንድሟ ልጅ ፒምዳው ሁለት ወንዶች የሚዋደዱባቸውን ልብ ወለዶች ታነባለች። እሷ ብቻ አይደለችም፤ የመጻሕፍት መደብሩ መደርደሪያ የጎበጠው በነሱ ነው። አክስት ላምዱዋን ግን አንድ ቀን መጻሕፍቱን በሙሉ በሸሚዝ ከረጢት ጠቅጥቃ ወሰደችባት።

"ጭንቅላትሽን ነው የሚያደርቀው!"

"አንብበሽው ታውቂያለሽ፣ አክስቴ?"

"እኔ? ሞቼ ነው ቆሜ!"

ዝናብ ደንበኛ ባስቀረባት አንድ ከሰዓት፣ የጠላትን ጉልበት ለመለካት ያህል አንዱን ገለጠች። ጨረቃ ላይ ዱባ የሚያለማ ሜካ የሚባል አትክልተኛ አለ። ፑዋዶን የሚባል የመንኮራኩር ካፒቴን ደግሞ በየጊዜው ዘር ያመጣለታል። መድፍ የለ፣ ደም የለ። መንኮራኩሩ ነፍስ ስላለው ሲበርደው ያስነጥሳል፤ ሁለቱ ሰዎች ሾርባ እየሠሩ ይጠብቁታል። እጅ ለእጅ ለመያያዝ ግማሽ መጽሐፍ ፈጀባቸው። የተያያዙ ዕለት አክስት ላምዱዋን ሱቋን ዘግታ ሄደች።

ቀሪው ታሪክ በየሳምንቱ አርብ በስልክ ላይ ይወጣል። የስልክ ጠላት የነበረችው ሴትዮ ስልኳን የስፌት መኪናዋ ላይ አስደግፋ ማንበብ ጀመረች። ሰው ሲገባ የአየር ሁኔታ ነው የምታየው።

ታዲያ አንድ አርብ መንኮራኩሩ የበረዶ ደመና ውስጥ ገብቶ ድምፁ ጠፋ። ከሥር ደራሲዋ "የሚቀጥለው የመጨረሻው ነው" ብላ ጽፋለች። አክስት ላምዱዋን እህል አልወርድ አላት። የጃስሚን አበባ ገዝታ በቀጥታ ገበያተኛው ወደሚሳልበት አድባር ቤት ሄደችና ተንበረከከች።

"ካፒቴኑ በሕይወት ተመልሶ አትክልተኛውን ካገባ፣ ሙሉ የጨፋሪ ቡድን አቁሜ አስጨፍራለሁ!"

እንደ ሌላው ሰው ቅቅል እንቁላል ብትሳል ኖሮ ነገሩ በሰላም ባለቀ። ሰው ሲደነግጥ ግን ቸር ይሆናል።

ካፒቴኑ ተመለሰ፤ ጉንፋን ይዞት፣ ግን ተመለሰ። በዱባው ማሳ መሐል ተጋቡ። አክስት ላምዱዋን በአንድ ሕፃን አዲስ ሸሚዝ እንባዋን ስትጠርግ ነው ስለቱ ትዝ ያላት። እዚህ አድባር ጭፈራ የሚያስገባ ሰው ስሙንና ስለማን እንደተሳለ ለጨፋሪዎቹ አለቃ ይናገራል፤ አለቃዋም በድምፅ ማጉያ እየዘፈነች ለገበያው በሙሉ ታሰማለች። ስም ያልተጠራበት ስለት እንዳልገባ ይቆጠራል። ሁለት ወንዶች መጋባታቸው ገበያውን አይገርመውም። የሚያስቀው የእሷ ነገር ነው፤ መጽሐፉን ከልጅ እጅ ነጥቃ ራሷ መንበርከኳ!

ስለዚህ አንድ ትሪ ቅቅል እንቁላል ይዛ ሄደች። የአድባሩ ጠባቂ ሽማግሌ ትሪውን አየው።

"ምን ነበር የተሳልሽው?"

"ጭፈራ።"

"እንቁላል ይጨፍራል እንዴ?"

ተመለሰች። ከዚያ በኋላ መርፌ በመርፌ ላይ ይሰበርባት ጀመር። በመጨረሻም በአንድ ተማሪ ሸሚዝ ላይ "ካፒቴን ፑዋዶን" ብላ ጠልፋ ተገኘች። ልጁ አይፈታብኝ ብሎ አለቀሰ። እሷ ግን አድባሩ እጇን ይዞ እንደጻፈ ገባት።

ስለቱን ለማስገባት ድመት እንኳ ጥላ የምትፈልግበትን ቀትር መረጠች። የጨፋሪዎቹ አለቃ ጆሮዋን አቀረበች።

"ስለማን ነው፣ አክስት?"

"ስለ ፑዋዶንና ስለ ሜካ" አለች በሹክሹክታ።

"ምንሽ ናቸው?"

"የቅርብ ሰዎቼ። አንዱ ከመንገድ በደህና ተመለሰ። ተጋቡ።"

ሹክሹክታው በድምፅ ማጉያው ወጥቶ ወንዙን ተሻገረ። ከተማው በሙሉ ለካ ነቅቷል። ከፊት የደረሰችው ሶምቺት፣ የወንድሟ ሚስት፣ የፒምዳው እናት ናት።

"ላምዱዋን! ደባቂ! በሟቹ ባልሽ ወገን ናቸው?"

"አዎ።"

"ሁለቱም ወንዶች? ይሁን፣ ቢያንስ ሳህን የሚያጥብ አይጠፋም። ሥራቸውስ?"

"አንዱ አትክልት ያለማል። አንዱ ካፒቴን ነው።"

"የጀልባ?"

"ከጀልባ ከፍ ይላል።"

"የት ነው የሚኖሩት?"

"ሩቅ።"

"ቺያንግ ማይ?"

"አለፍ ብሎ ነው።"

ከሶምቺት ጀርባ ፒምዳው በረዶ የገባበት ሻይ በቱቦ እየሳበች ቆማለች። የአክስቷን ዓይን አየች። ያ ዓይን በዕድሜው ሲለምን ይህ የመጀመሪያው ነው። ልጅቷ ቱቦውን ከአፏ አወጣች።

"እማዬ፣ እኔ አውቃቸዋለሁ።"

አክስት ላምዱዋን ፊቷን ወደ ጨፋሪዎቹ አዞረች።

"ጨዋ ልጆች ናቸው" አለች ፒምዳው። "ካፒቴኑ ጉንፋን ይዞት ነበር፤ አሁን ተሽሎታል።"

"እሰይ!" አለች ሶምቺት። ጨፋሪዎቹም ቀጠሉ።

ሲመለሱ ልጅቷ እጇን ዘረጋች። "መጻሕፍቴን።"

"ነገ ትወስጃለሽ።"

"ሁሉንም?"

"አንዱ ይቆየኝ። ልዑሉ ከዘንዶው ጠባቂ ጋር ገና አልታረቀም።"

"እነሱማ..."

"ዝም በይ! ትንፍሽ ብትዪ ሸሚዝሽ ላይ ምን እንደምጠልፍ አታውቂም!"

ከዚያ ወዲህ ሶምቺት ለሙሽሮቹ ይድረስ እያለች የሙዝ ጥብስ ትልካለች። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ እንዳይበላሽ፣ አክስትና የወንድም ልጅ አርብ አርብ ለሌላ ታሪክ በአንድ ስልክ ላይ አጎንብሰው በነሱ ፈንታ ይበሉታል።