ቅናት የሰፋው ላስቲክ

አለቅዬ የምንላት አለቃ ሆና አይደለም። የልብስ ስፌት ቤቱ ባለቤት ሌላ ሰው ነው። እሷ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መስኮቱ ሥር ባለችው የእግር መኪና ላይ ተቀምጣ ሁላችንንም ስታዝ ኖራለች። እኔ ቁልፍ ሰፊ ነኝ፤ አንዱን ቁልፍ ሦስቴ ያስፈታችኝ ቀን አለ። ጥርሴን ነክሼ ፈታሁ። ልክ ነበረች፤ ያናደደኝም እሱ ነው።

ካቻምና የማህፀን ካንሰር ተገኘባት። ማህፀኗን ሲያወጡ በአካባቢው ያሉትን የሰውነት ፈሳሽ የሚያጣሩ እጢዎችም አብረው አወጡ። ተረፈች። ስምንት ወር ደህና ከሰነበተች በኋላ ግን ግራ እግሯ ከጭኗ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አበጠ። ጠዋት የገባላት ጫማ ከሰዓት እምቢ ይላል። ሐኪሙ ደም ረግቶ እንዳይሆን ብሎ የደም ስሯን በአልትራሳውንድ አየው። አልረጋም። እጢዎቹ ስለሌሉ ፈሳሹ መውጫ አጥቶ እግሯ ላይ ተጠራቅሞ ነው። ረጅም ጠባብ ካልሲ አዘዘላትና «ፔዳል መርገጡ ለጊዜው ይቅርብሽ» አላት።

የስፌት ቤቱ ባለቤት መኪናዋን አብራን ለምትሠራው ታናሽ እህቷ ሰጠ። አለቅዬ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ ጨርቅ ቆራጭ ሆነች። እህቷን ስፌት ያስተማረቻት ራሷ ናት፤ አሁን ግን ያ ቀጭን እግር ፔዳሉ ላይ ሲመላለስ ባየች ቁጥር አንጀቷ ያርራል።

«አየሽ አረጋገጧን? የአባቷ መኪና አስመሰለችው እኮ!» ትለኛለች። አባታቸው አንድ ነው፤ ግን ማን ደፍሮ ይነግራታል።

ልጅቱ ነገሩ ገብቷት እግሯን የሚሸፍን ረጅም ቀሚስ መልበስ ጀመረች። ይሄ ደግሞ ባሰ። «አዘነችልኝ!» ብላ አለቅዬ ያን ቀን ምሳዋን ሳትበላ ዋለች።

በዚህ መሃል የተማሪዎች የደንብ ልብስ ሥራ ጎረፈ። አለቅዬ መኪናዬን ካልመለስኩ ሞቼ እገኛለሁ አለች። ችግሩ ካልሲው ነው፤ ስትራመድ እየተጠቀለለ ይወርዳል። ተመልሳ ሐኪሙን ማማከር ሲገባት፣ ልብስ ሰፊ ብቻ የሚያደርገውን አደረገች። ለቀሚስ ወገብ የምንጠቀምበትን ጠንካራ ላስቲክ ጭኗ ላይ አዙራ ለካችና ከካልሲው አፍ ጋር በድርብ ስፌት ሰፋችው። የሚወርድ ነገር በላስቲክ ይያዛል፤ እኛ የምናውቀው ይህንን ነው። ካልሲው እውነትም አልወረደም።

ሰኞ ጠዋት መኪናው ላይ ተሰይማ አገኘናት። እህቷ ወንበር ስባ አጠገቤ ቁልፍ ልትሰፋ ተቀመጠች። አለቅዬ ሦስት ቀን ረገጠች። በየመሃሉ ዞር እያለች እህቷን ታያታለች፤ ደስ ብሏታል፤ ደስ የማይል ደስታ።

ሐሙስ ከሰዓት ብርድ ብርድ አላት፤ ጥርሷ ተንገጫገጨ። እህቷ ሮጣ ተንበረከከችና ቀሚሷን ገለጠች። ላስቲኩ ሥጋዋ ውስጥ ሰምጧል። ከሱ በታች ያለው እግር ተወጥሯል፤ በእጅ ሲነካ ይፋጃል። ቅላቱ ከካልሲው በላይ ድረስ ወጥቷል። ላስቲኩ የፈሳሹን መንገድ ዘግቶ እግሯ ተመርዟል። ልጅቱ መቀሷን አነሳች።

«እንዳትቆርጪው!» ጮኸች አለቅዬ። «ከቆረጥሽው መኪናዬን መልሰሽ ትወስጃለሽ።»

«እትዬ፣ አሁን መኪና ነው የሚያሳስብሽ?»

«አዎ! ቀናሁብሽ! እግርሽን ሳይ ያቃጥለኛል። በእጄ ያሳደግኩሽ እህቴ ነሽ፤ ግን በሽታው ለምን እሷን አልያዛትም እላለሁ። ሰማሽኝ?»

ሁላችንም መኪና አቆምን። ልጅቱ መቀሱን በላስቲኩ ሥር በጥንቃቄ አስገብታ ቀጭ አደረገችው። ወደ እኔ ሳትዞር «ታክሲ ጥሪልን» አለችኝ። ከዚያ የእህቷን እግር ጭኗ ላይ አሳረፈች።

«ቅኚብኝ፣ እትዬ» አለቻት። «እስክታረጂ ድረስ ቅኚብኝ። ብቻ አትሙቺብኝ።»