ሊፍቱ የሚይዘው ስምንት ሰው ነው

ባሌ የሆስፒታል ሊፍት ሠራተኛ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ጠባብ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል፤ ይህን ሁሉ ተጉዘህ የትም አልደረስክም እያልኩ እቀልድበታለሁ። ሊፍቱ የሚይዘው ስምንት ሰው ነው። ስምንት ከሞላ ዘጠነኛው የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ቢሆኑ እንኳ ባሌ ፍንክች አይልም፤ ቁልፉን ተጭኖ በሩን ይዘጋል። «ቀድሞ የገባ ይሄዳል፣ አለቀ» ይላል። በዚህ የተነሳ «ስምንቱ» የሚል ስም ወጥቶለታል። ሲያሾፉበት ያወጡለትን ስም እሱ እንደ ሽልማት ይቆጥረዋል።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ወንጌል አነብለታለሁ። ዓይኔ ደክሟል ይበል እንጂ እውነቱን ለመናገር ድምፄ ስለሚያስተኛው ነው። መስኮቱ ይከፈታል፤ መጋረጃው በቀስታ ይነፋና መልሶ ይሟሽሻል፤ ብርሃኑ ወለሉ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። እሱ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ እግሩን ጭኔ ላይ ይጭናል። ሁለት ቁጥር ሳልጨርስ ያንኮራፋል። እኔም አላቆምም። ለተኛ ሰው ማንበብ ደስ ይላል፤ አይከራከርም።

ያን እሁድ በመጠመቂያው ዳር ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛው በሽተኛ ታሪክ ላይ ደረስን። ውሃው ሲናወጥ ቀድሞ የገባ ይድናል፤ ይህ ሰው ግን እየተንፏቀቀ እስኪደርስ ሌላው ይቀድመዋል። መዳን ትፈልጋለህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ አዎ እንኳ አላለም። የሚያስገባኝ ሰው የለኝም ነው ያለው። እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ደግሜ አነበዋለሁ። ሌላው ሰው የሚገርመው ተነስቶ አልጋውን ተሸክሞ መሄዱ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ጌታ ከዚያ ሁሉ በሽተኛ መሃል እሱን አይቶ መቆሙ ነው።

ቀና ስል ባሌ አልተኛም። ጣሪያውን ያያል።

«በሩ ላይ ማን ነበር?» አለኝ።

«የምን በር?»

«የውሃው። ቀድሞ የገባ ይድናል ሲባል ቆሞ የሚያይ ሰው አልነበረም?»

«በር የለውም አንተ ሰውዬ! ሁሉን ነገር ሊፍት አታድርገው።»

አልሳቀም። ቀስ እያለ ነገረኝ። ሐሙስ ሐሙስ አራተኛ ፎቅ ላይ የስኳር በሽተኞች እግር ይታያል። ወረፋው የሚያዘው እዚያው ፎቅ ላይ ነው፤ የሚታደሉት ቁጥሮች አሥራ አምስት ብቻ ናቸው። አንድ ሽማግሌ አናጢ በሁለት ክራንች እየተደገፉ ይመጣሉ። እሳቸው ክራንቻቸውን አስተካክለው በሩ ጋ ሲደርሱ ስምንቱ ሰው ገብቶ አልቋል። ተመልሶ ሲወርድ ደግሞ ሌላ ስምንት ይጋፋል። በመጨረሻ ሲወጡ ቁጥሩ አልቋል ይባላሉ፤ ለሚቀጥለው ሐሙስ።

«ስድስት ሐሙስ ፊታቸው ላይ ዘጋሁት» አለ። «ግን እኮ አንድም ቀን አላዳላሁም።»

ተናደድኩ። «አንተ ሰው ነህ ወይስ የሊፍቱ ቁልፍ?» አልኩት። ወዲያው ቆጨኝ፤ ግን ከአፍ ካመለጠ ምን ይደረጋል። ዓይኑን ጨፈነ፤ እዚያው እንቅልፍ ወሰደው። ሲነቃ ሕልሙን ነገረኝ። ሊፍቱ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሞልቷል። በየፎቁ በሩ ይከፈታል፤ ኮሪደሩ ላይ ማንም የለም፤ የክራንች ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ከላይ ይሁን ከታች አይታወቅም። እሱ መጠበቅ ይፈልጋል፤ በሩን ግን የገዛ እጁ ይዘጋዋል።

ሐሙስ ጠዋት ሊፍቱ ስምንት ሰው ሞላ። አናጢው ገና ከደጅ እየመጡ ነበር። ባሌ ቆሞ «ሁላችሁም ውረዱ» አለ። ከዚያ ሽማግሌውን ደግፎ አስገባና ሰባት ባዶ ቦታ ይዞ ወጣ። «ስምንቱ አበደ!» ብለው ጮኹ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። አራተኛ ፎቅ ሲደርስም ሊፍቱን ጥሎ አብሯቸው ተሰለፈ። ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ ሁለት ጣቶች መቆረጥ አለባቸው፣ እግሩ ግን ይተርፋል አለ። ከሦስት ሳምንት በፊት ቢመጡ ኖሮ ጣቶቹም ይተርፉ ነበር።

ያችን የመጨረሻዋን ነገር ባሌ ለብቻው ይዟት ሰነበተ። እህል አልወርድ አለው። ቅዳሜ፣ ጣቶቻቸው በተቆረጡ ማግስት፣ ብርቱካን ገዝተን የተኙበት ክፍል ልንጠይቃቸው ሄድን። እግራቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተቀምጧል። ባሌ ብርቱካኑን እንኳ ሳያስቀምጥ «አባት፣ ይቅር ይበሉኝ። ጣቶችዎን ያስቆረጥኳቸው እኔ ነኝ። ስድስት ጊዜ አይቼዎት ዘግቻለሁ» አላቸው።

ሽማግሌው ብርቱካኑን ከእጁ ተቀብለው ራስጌያቸው አስቀመጡት። እንዳይቆጡ ፈራሁ፤ ቢቆጡም አልፈርድባቸውም።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «በሩ ሲገጥም አንገትህን ስትደፋ አይሃለሁ። ቤቴ ስገባ ለሚስቴ፣ ያ ሰውዬ ዛሬም አዝኖ ዋለ እላታለሁ። ስለ እግሬ መጸለይ ያለብኝ ሰውዬ፣ ስድስት ሳምንት የጸለይኩት ላንተ ነው።»

ባሌ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ እሳቸው በታመመ አቅማቸው ጎንበስ ብለው ጀርባውን መታ መታ እያደረጉ ያባብሉት ጀመር።