በፂሜ የከፈትኩት ጓጉንቸር

ባላባት ሆኜ የኖርኩት አንድ ክረምት ብቻ ነው። ሆዴ የአባቴ ትራስ ነበር፤ ፂሜ የበግ ፀጉር፤ ርስቴ ደግሞ ሆሳዕና የሚገኘው የቀበሌያችን አዳራሽ መድረክ።

በኪነት ቡድናችን ውስጥ ባላባት መሆን የሚፈልግ ወንድ ጠፍቶ ነበር። "ከዚያ በኋላ ሰፈር ውስጥ ባላባቱ፣ ባላባቱ ሲሉኝ ሊኖሩ ነው" እያሉ ሁሉም ጭቁን ለመሆን ተሰለፉ። እኔ ግን ተውኔቱን ከላይ እስከ ታች ሳነበው ረጅም ንግግር ያለው ባላባቱ ብቻ መሆኑን አየሁ። የሌሎቹ ድርሻ "ወይኔ!" እና "በቃን!" ማለት ነው። እጄን አወጣሁ።

የቡድኑ መሪ ከጆሮው ላይ እርሳስ የማይለይ፣ የወጣቶች ማኅበር ሰው ነበር። ከእግሬ እስከ ራሴ ቃኘኝና፣ "አንቺ እኮ ቀጭን ነሽ። ፊውዳል ወፍራም ነው" አለኝ።

"እወፍራለሁ" አልኩት። በማግስቱ የአባቴን ትራስ ይዤ መጣሁ።

እዚህ ላይ ስለ ጓጉንቸር ማውራት አለብኝ። እስካሁን ያላወራሁትም ራሴን ይዤ ነው።

አባቴ የትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው። ቁልፋቸው የጠፋ ጓጉንቸሮች ሁሉ ዞረው ዞረው እኛ ቤት ይመጣሉ። እሱም "አንድ ቀን ቁልፋቸው ይገኝ ይሆናል" እያለ በባዶ የወተት ጣሳ ያጠራቅማቸዋል። ተገኝቶ አያውቅም። እኔ ያንን ጣሳ እያንኳኳሁ አደግሁ። መጀመሪያ በፀጉር ማስያዣዬ ነካካኋቸው፤ ንቅንቅ የለም። ቀጥሎ ከተሰበረ ጃንጥላ ሁለት ሽቦ ነቀልኩና ጫፋቸውን በድንጋይ ጠፈጠፍኩ። አንደኛው ሽቦ ቁልፍ ወደሚዞርበት ወገን ቀስ አድርጎ ይጫናል፤ ሁለተኛው ውስጥ ገብቶ ይዳስሳል። እዚያ ውስጥ የስንዴ ፍሬ የሚያካክሉ ነሐሶች ተደርድረዋል። አንድ በአንድ ሲገፏቸው፣ ቦታውን ያገኘው ሁሉ ጣት ላይ ጢቅ ይላል። የመጨረሻው ጢቅ ሲል ጓጉንቸሩ፣ ስንት ዓመት ጨብጦ የደከመው ሰው ይመስል፣ እጁን ለቀቅ ያደርጋል። የመጀመሪያው የተከፈተልኝ ቀን ግቢያችንን በሩጫ ዞርኩት። ምን እንደ ከፈትኩ አትጠይቁኝ። ምንም የሚዘጋው ነገር አልነበረም እኮ፤ ጣሳ ውስጥ የተኛ ብረት ነው።

ወሬው ወጣ። የጎረቤታችን የሣጥን ቁልፍ ሲጠፋ ጠሩኝ፤ ከፈትኩላቸው፤ "ተባረኪ የኔ ልጅ" ተባልኩ። ሳምንት ሳይሞላ ማዶ ያሉት ሴትዮ ዶሮ ጠፋባቸውና አንገታቸውን በአጥሩ ላይ አሰገጉ።

"ያቺ ቁልፍ ከፋች ልጃችሁ አለች?"

እናቴ ቀና ብላ፣ "ምነው፣ ዶሮዎት ጓጉንቸር ነበራት እንዴ?" አለቻቸው።

እኔና እናቴ እስኪያመን ሳቅን። አባቴ አልሳቀም። "እኔ የመንግሥት ንብረት ጠባቂ ነኝ" አለ። "ነገ ከግምጃ ቤቴ አንዲት ጠመኔ ብትጎድል፣ ልጁ ቁልፍ ከፋች ናት ሲባል እኔ ምን ልመልስ ነው?" ሽቦዎቼን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። "ስሚኝ። ከእንግዲህ ጓጉንቸር ስትነኪ ባይሽ፣ ይህን ዱራሜ፣ ዱራሜ የምትይውን ነገር እርሺው።"

ዱራሜ! በአብዮት በዓል ጥሩ ያሳየ ቡድን ዱራሜ ለሚደረገው ውድድር ይላካል ተብሎ ነበር። እኔ ከሆሳዕና ወጥቼ የማውቀው ሌሞ ያሉ ዘመዶቻችን ጋ ነው፤ እሱም በጋሪ፣ እግሬን ወደ ኋላ አንጠልጥዬ። መኪና ላይ ቆሜ፣ እየዘፈንኩ፣ ሰው ከመንገድ ዳር እያየኝ ማለፍ ነው የፈለግሁት። ከዚህ የሚበልጥ ጓጉንቸር የት አለ? ጓጉንቸር መክፈቱን ተውኩት። ጣሳውንም እንደማያውቀኝ ሰው ማለፍ ጀመርኩ።

ተውኔቱ እንዲህ ነው። ባላባቱ ጭቁኑን ሕዝብ በሰንሰለት አስሮ ይቆልፍበታል፤ ቁልፉን ቀበቶው ሥር ይሸጉጣል፤ ያንን ረጅም ንግግር ያደርጋል። በመጨረሻ ሰፊው ሕዝብ ተነሥቶ ቁልፉን ይነጥቀውና ጭቁኑን ይፈታል፤ ይዘፈናል። ጭቁኑን የሚጫወተው የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ ነበር፤ ጆንያ እንደ ሕፃን የሚያቅፍ ጎረምሳ። በልምምድ ጊዜ ሰንሰለቱ ጥቁር ቀለም የተቀባ ወረቀት ነው። ዱቄት ውስጥ የሚውል ሰው አፍንጫ ደግሞ ታውቃላችሁ። ገና ንግግሬን ስጀምር ያስነጥሰዋል፤ ሰንሰለቱ ብጥስ። ነፃነት ያለ ጊዜው እየመጣ አስቸገረን።

መሪያችን እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ ወረወረ። "እውነተኛ ሰንሰለት! እውነተኛ ጓጉንቸር!" አለ። የቀበሌው በር ሰንሰለት ከነጓጉንቸሩ መጣ። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው። "አደራ" አለኝ፣ እጄ ላይ ሲያስቀምጠው።

የበዓሉ ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ፊት ወንበር ላይ ከአውራጃ የመጡት ጓድ ካኪያቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። አባቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው። ንግግሬን እንዴት እንዳደረግሁት ብታዩ! አንዲት ሴትዮ ከመሀል "እግዜር ይንቀልህ!" ብለው ረገሙኝ። ደስታዬን አልችለው ብዬ ሆዴን ነፋሁት።

ከዚያ ሰፊው ሕዝብ መጣ። ሕዝቡን የምትመራው የክፍል ጓደኛዬ ናት። "ቁልፉን አምጣ፣ አንተ ደም መጣጭ!" ብላ እጇን ቀበቶዬ ሥር ሰደደች። ፈለገች። ፊቷ ተለወጠ።

"የት አለ?" አለች በሹክሹክታ።

"እዚያው ነው።"

"የለም!"

"በደንብ ፈልጊ እንጂ!"

የተቀረውም ሕዝብ ተጨመረ። አሽከረከሩኝ፤ ትራሴን አራገፉት፤ ሆዴ ወርዶ ጉልበቴ ላይ ቆመ። ቁልፍ የለም። ከመጋረጃው በስተጀርባ ያሉት ዘፋኞች ይህን አያውቁም፤ ሰዓታቸው ሲደርስ "ተበጠሰ፣ ሰንሰለቱ ተበጠሰ!" ብለው አቀለጡት። ጭቁኑ ከነሰንሰለቱ ቆሟል።

"ኧረ የታለ የተበጠሰው?" አለ አንዱ ከኋላ።

"መጥረቢያ አምጡ!" አለ ሌላው።

ጭቁኑ መጥረቢያ የሚለውን ሲሰማ አማርኛው ሁሉ ጠፋው። የታሰረው እጁ ነው እኮ። በሀዲይኛ ይለምን ጀመር። የአውራጃው ጓድ ወደ ጎን ዘንበል ብለው፣ "ምን እያለ ነው?" ብለው ሲጠይቁ ሰማሁ።

"ፍቱኝ ነው የሚለው፣ ጓድ።"

"ጎበዝ ተዋናይ ነው" አሉ።

አንዲት እናት ግን ብድግ አሉ። "እናንተ ልጆች! ስንዴዬ ወፍጮ ቤት ነው ያለው! እሱን አስራችሁ ማን ሊፈጭልኝ ነው?" ሌሎቹም "የኔም ገብስ! የኔም!" አሉ። አዳራሹ ተነቃነቀ። ዘፋኞቹ መድረኩ ላይ ምን እንደ ሆነ ስላላወቁ እንደገና ከመጀመሪያው በጠሱት።

መሪያችን በመጋረጃው ቀዳዳ ጠራኝ። "ሕዝቡ ታስሮ ቀረ" አለ። "በአብዮት በዓል! በጓድ ፊት! ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባሻል?"

ገባኝ። ጓጉንቸሩንም አየሁት፤ ወንድሙ የኛ ጣሳ ውስጥ ነበር፤ ሆዱን ከነአንጀቱ አውቀዋለሁ። ወደ ሦስተኛው ረድፍ አየሁ። አባቴ ከኔ ቀድሞ የማስበውን አውቆታል፤ ራሱን ቀስ ብሎ፣ አይሆንም፣ አይሆንም እያለ ይነቀንቃል። ከጎኔ ጭቁኑ ሁለት እጁን እንደ ታረደ በግ ዘርግቶልኛል።

በልቤ ዱራሜን ተሰናበትኳት። ፂሜን ነቀልኩ።

ፂሙ ጆሮዬ ላይ የሚንጠለጠለው በሽቦ ነበር፤ አወጣሁት። ከባርኔጣዬ ሥር የፀጉር ማስያዣዬን መዘዝኩ። አንዱን ተጫንኩ፤ በሌላው ዳሰስኩ። አዳራሹ ዝም አለ፤ ዘፋኞቹ እንኳ በመጋረጃው አጮልቀው ዝም አሉ። ጢቅ። ጢቅ። አንዷ እምቢ አለች። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ፦

"ወንድሜ፣ ባርኔጣህን አውልቅልኝ እባክህ። እጇ አልታይ አለኝ።"

ጢቅ አለች። ሰንሰለቱ መድረኩ ላይ ዝርግፍ ሲል አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ጭቁኑ ለጭብጨባ እጅ አልነሳም፤ ከመድረክ ዘሎ በቀጥታ ወደ ወፍጮ ቤት ሮጠ። እናቶቹም ተከተሉት።

የአውራጃው ጓድ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ጭብጨባው ቆመ።

"እንዲያው ለማወቅ ያህል" አሉ። "ጭቁኑን የፈታው ባላባቱ ነው?"

መሪያችን ከመጋረጃው ወጣ። እጁ ጆሮው ላይ እርሳሱን ይፈልጋል። "አዎ፣ ጓድ። ማለት… በሕዝቡ ግፊት ነው፣ ጓድ። ፊውዳሉ ተከበበ። መግቢያ መውጫ አጣ። ከዚያ ፂሙን… ፂሙ የክብሩ ምልክት ነውና… በገዛ ፂሙ፣ ጓድ፣ በገዛ እጁ…"

ጓድ ፂሜን ትኩር ብለው አዩት። እኔ ሆዴን ጉልበቴ ላይ አቅፌ ቆሜያለሁ።

"ፂሙን መሣሪያ ማድረጋችሁ ጥልቅ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ዱራሜ ላይ እንዲሁ ይቅረብ። አንድም ነገር እንዳይለወጥ!"

እቤት ገባን። አባቴ ምሳውን በላ። ዱራሜ እንድሄድ ጓድ ፈቅደዋል፤ አባቴ ግን ገና አልፈቀደም፤ የኛ ቤት አውራጃ ደግሞ እሱ ነው። ትራሱን ወስዶ ጋደም አለ። ወዲያው ተነሣ።

"ይኼ ባላባት አጥንት አወጣ እንዴ?"

ትራሱን ጨመቀው። በስፌቱ ቀዳዳ ጣቱን ሰዶ ከጥጡ መሀል የቀበሌውን ቁልፍ አወጣ። ተያየን። እናቴ ሳቋን ለማፈን ወደ ጓዳ ገባች።

"አባዬ፣ ስጠኝ፤ ለመሪያችን ላድርስለት" አልኩት።

"ከደረሰውማ በቁልፍ ሊከፍቱት ነው።"

"እና?"

"አንድም ነገር እንዳይለወጥ ተብሏል።" ቁልፉን በመሐረቡ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ከተተው። "የመንግሥት ትእዛዝ ነው። እኔ ትእዛዝ አልጥስም።" ትንሽ ቆየና፣ "ያቺ እምቢ ያለችሽ ስንተኛዋ ናት?" አለኝ።

"የመጨረሻዋ።"

"ዛገች ማለት ነው። ዘይት ያስፈልጋታል።" ተነሥቶ የጃንጥላ ሽቦዎቼን አመጣልኝ። እኔ ግን በፂም እንዳደርገው ታዝዣለሁ፤ ይህን ብዬ ሽቦዎቹን መለስኩለት። ሲገባው ጊዜ ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። የዶሮዋንም ሳቅ ያኔ ነው አብሮ የሳቀው መሰለኝ።

ዱራሜ የሄድነው በጭነት መኪና ነው። አባቴም መጣ፤ "ድንገት እምቢ ቢልሽ" ብሎ፣ ደረት ኪሱን መታ መታ እያደረገ። እኔ ቆሜ ዘፈንኩ፤ ሰው ከመንገድ ዳር አየኝ፤ ልክ እንዳሰብኩት፣ እንዲያውም አቧራው ብቻ ነው የበለጠው። ዳምቦያ ገበያ ቆምን። አባቴ ሙዝ ገዛልን፤ ፀሐዩ ከረር ብሎ ነበርና መሐረቡን አውጥቶ ላቡን ጠረገ።

ዱራሜ ላይ ፂሜን ስነቅል ሕዝቡ ሳቀ። ሽቦውን አስገባሁ። ያቺ የመጨረሻዋ አሁንም እምቢ አለች። አንገቴን ቀና ሳደርግ አባቴ ከመቀመጫው ግማሽ ተነሥቷል፤ እጁ ደረት ኪሱ ውስጥ ነው። ከዚያ ሌላኛው ኪሱ ውስጥ። ከዚያ ሱሪ ኪሱ ውስጥ። መሐረቡን ዘርግቶ አራገፈው፤ አየው፤ ገልብጦ አየው።

ሳቄ መጣ። እጄ ከሳቁ ጋር ፈታ አለና፣ ጢቅ!

አዳራሹ ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። ያላጨበጨበ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ወንበሩ ሥር ጎንበስ ብሎ ይፈልግ ነበር።