ከሁሴን እግር በሰም ውስጥ የቀረው

ከነጌሌ የወጣን ለት ማታ ወንድሜ ሁሴን በቀኝ ተረከዙ ነበር የሚራመደው። መርገጫው ላይ ጥቁር ነገር ነበረበት። የግራር እሾህ ነው ብለን ስንት ጊዜ ቆፈርነው፤ እሾህ አልወጣም። አይሱዙው ላይ ስንወጣ እናታችን አልሳመችውም፣ መሰናበት እንዳይመስል። እኔን ብቻ ይዛ፣ «ሁለታችሁም ትመለሳላችሁ» አለችኝ።

ዱብሉቅንና ሜጋን አልፈን ሞያሌ ደረስን። ለሕክምና ነው ስለው የኬላው ሰውዬ አየኝ። «በሽተኛው አንተ ነህ። ይሄ ወፍራሙ ምን ሊሠራ ይሄዳል?» ሁሴን፣ «አስታማሚው ነኝ» አለው። አመነውና አሳለፈን። እስከ ናይሮቢ ድረስ ሳቅንበት።

ናይሮቢ ብርድ ናት። ሻዩ እንደኛው በወተት ነው፣ ግን ወተቱ የታጠነ ዕቃ አይሸትም። ሆስፒታሉ ከሁሴን እግር ሥጋ ቆርጦ ወሰደ። በሰም ያደርቁታል፣ ስስ አድርገው ይልጡታል፣ ቀለም ያደርጉበታል። ከሞያሌ ማዶ የማርሳቢት ልጅ የሆነች ነርስ ሐኪሙን በኦሮምኛ ታስተረጉምልኝ ነበር። የቆዳ ካንሰር ነው አለችኝ። ከዚያ ሐኪሙ ስለ አንድ ኢንዛይም ሲናገር ቃል አጣች። ትንሽ አስባ፣

«ጉድጓድ ላይ የውኃ ተራ የሚሰጠውን ታውቃለህ አይደል?» አለችኝ።

አውቃለሁ አልኳት።

«ጉድጓዱ አልተደረመሰም፤ ውኃውም አለ። ተራ ሰጪው፣ ያ ኢንዛይም፣ ግን በዝቶ ካንሰሩን የሚያግዱትን ጂኖች ዘጋባቸው። ሐኪሙ ገና እያጠናነው ነው ይላል። እንዲህ የበዛባቸው ግን ብዙ አይቆዩም።»

ሐኪሙ የሁሴንን ሥጋ በማጉያ መነጽሩ አሳየኝ። ኢንዛይሙ ያለበት ቦታ ቡናማ ይሆናል። ዝናብ ሲቀር የነጌሌ አቧራ ከተማውን እንደሚሸፍነው ሁሉንም ሸፍኖታል። ቀና ስል በመስኮቱ ሁሴን ይታየኛል፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ሻይ እየጠጣ ከማያውቀው ሰው ጋር ይሳሳቃል። እኔ ሞቱን አሁን አይቼዋለሁ። ምን ብዬ አጠገቡ ልቀመጥ?

እንዳለችውም ሁሴን ብዙ አልቆየም። ጀናዛውን እዚያው ናይሮቢ ቀበርነው። ከቀብሩ በኋላ ነርሷ፣ ሐኪሙ ሥጋው ያለበትን ሰም ለጥናት ማስቀመጥ ይፈልጋል፣ ልትቀብሩት ከፈለጋችሁ ግን ይሰጣችኋል አለችኝ። እኛ ዘንድ ከሰው የተቆረጠ ይቀበራል። መርዶ የሰማችውን እናቴን ይሄን ለመጠየቅ እስክደፍር አንዲት ክፍል ተከራየሁ።

አንድ ቀን አከራይዋ መጣች።

«ብቻዬን ነኝ ብለህ ገብተህ ሌላ ሰው ደበቅክ» አለችኝ። «ያ በተረከዙ የሚሄደው። ታች ሆኜ ይሰማኛል።»

ሁሴንን አይታው አታውቅም። ማንም የለም ብላት አላመነችም፤ አልጋው ሥር ሳይቀር አጎንብሳ አየች። ስትወጣ ጫማዬን ገልብጬ አየሁት። የቀኙ ተረከዝ አልቋል። ፊቱ አዲስ ነው።

ትናንት ወደ ቤት ልመለስ ነው ልላት እናቴ ጋ ደወልኩ። አካም፣ ናጋ ብለን ሰላም ተባባልን። መጀመሪያ የሰሙን ነገርኳት። ሐኪሙ ያንን እያየ የሌላ ሰው በሽታ ምን ያህል እንደሚፈጥን ማወቅ ይፈልጋል አልኳት። ከኋላዋ ፍየሎቹ ይሰሙኛል።

«ለሌላ ሰው ልጅ ይረዳል?»

«ይረዳ ይሆናል ይላሉ።»

«ያስቀምጡት እንግዲህ» አለች። «አንተ ግን አትምጣ፣ ልጄ። እዚያ ብቻውን አትተወው።»

እሺ አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ሻይ ላፈላ ተነሣሁ። ስራመድ የሁሴንን ተረከዝ ሰማሁት።