እናት ያወጣችው ስም

ሂዳያ ራስ ቤሩት አንድ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ስትሠራ ስሟ ማሪያ ነበር። ከእሷ በፊት እዚያ ቤት የሠሩት ሦስት ሴቶችም ማሪያ ነበሩ። ማዳሟ ክፉ ሴት ሆና አይደለም፤ አዲስ ስም መልመድ ይደክማት ነበር። ጧት «ቦንዡር ማሪያ»፣ ማታ «ሜርሲ ማሪያ» ትላታለች። ሂዳያ ውሻውን ይዛ ራውሼ ባሕሩ ዳር ስትወጣ፣ የሚሰማት አለመኖሩን አይታ፣ ስሟን ለራሷ ቀስ ብላ ትጠራዋለች። እንዳይጠፋባት ነው።

ወረባቦ ሳለች የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠችም። ማዳሟ ሞታ ልጆቿ ቤቱን ሲዘጉት ዶራ የሚባለው ሰፈር ወጥታ አንዲት ያገሯ ልጅ ዘንድ ጸጉር መሥራት ለመደች፤ ሴትዮዋም ሹሩባውን ብቻ ሳይሆን ፊደሉንም አስቆጠረቻት። ያን ጊዜ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው። መጀመሪያ የጻፈችው ስሟን ነበር፤ የ«ዳ»ን እግር በተሳሳተው በኩል አስረዝማ። ወረቀቱን መስታወቱ ጥግ ላይ ሰካችውና ሲቆይ ጸሐይ አደበዘዘው።

ኋላ የራሷን ቤት ከፈተች፤ አንድ ክፍል፣ ሁለት ወንበር፣ ከኋላ ጠባብ ጓዳ። እሑድ እሑድ ዕረፍት ያላቸው ሴቶች ይሰበሰቡባታል። ከቤት የወጣች እንደሆነ መጠጊያ የምትፈልግላት፣ የታመመች እንደሆነ ሐኪም ፊት ቆማ በዐረብኛ የምትናገርላት እሷ ነበረችና ሰብሳቢያችን ሁኚ አሏት። እሺ አለች። አንድ ደንብ ብቻ አወጣች፤ በዚህ ቤት ማንም ሰው እናቱ ባወጣችለት ስም ይጠራል። ደላላ የሰጠውን ወይ ማዳም ያወጣችውን ስም የጠራች፣ ወለሉ ላይ የወደቀውን ጸጉር ትጠርጋለች።

ዙሀራ፣ ማር ሚካኤል ሰፈር መጠጥ ቤት የምታጸዳዋ ምላሰኛ፣ ሆን ብላ ትሳሳት ነበር።

«ረቢዓ፣ እስቲ ማበጠሪያውን አቀብይኝ።»

«ወሰኑ ነኝ» ትላለች ልጅቷ።

«ወይ ጉድ፣ ረሳሁት። መጥረጊያው የት አለ?»

ይሳቃል። ሳቁ ግን ከላይ ነው። ወሰኑን አገሯ ወገል ጤና የሚያውቃት ሁሉ ወሰኑ ይላታል። ደላላው ግን ፓስፖርቷ ላይ ረቢዓ አደረጋት፤ ዕድሜዋም ላይ ሰባት ዓመት ጨመረ። ስድስት ዓመት በሰው ስም «አቤት» ስትል ኖራ፣ ሂዳያ መጀመሪያ ቀን «ወሰኑ» ብላ ስትጠራት ዞር ብላ ከኋላዋ ሰው ፈለገች። ሂዳያ ያን ዞር ማለት አልረሳችውም። ሥራዬ ይሄ ነው ያለችው ያን ዕለት ነው፤ ጸጉሩ እንጀራዬ ነው፣ ይሄ ግን ሥራዬ ነው።

በፈረንጆቹ 2019 መከር ላይ የከተማው ሰው አደባባይ ወጣ፤ ጎማ እየተቃጠለ መንገድ ተዘጋ። የዚያ አገር ክረምት ሲገባ ማዳሞች ሠራተኛ ማሰናበት ያዙ። ቀጥሎ በሽታው መጣና ሁሉ ነገር ተቆለፈ። ሴቶቹ አሁን የሚመጡት ለጸጉር አልነበረም፤ ፌስታል አንጠልጥለው ነው የሚመጡት። ግንቦት ላይ በዚያች ክፍል አሥራ አራት ሰው ያድር ነበር። ከመካከላቸው ወሰኑ ኩላሊቷን ታማ እግሯ አብጦ ነጠላ ጫማ አልገባላት አለ። ሐኪሙ ቤተሰቦቿ ዘንድ ቶሎ እንድትደርስ ተናግሯል። እሷም ሌላ አልጠየቀችም፤ እናቴ ዘንድ ብቻ አለች።

አንድ ቀን ከሰዓት ስደተኞችን የሚረዳ፣ ጀምዒያ የሚሉት ማኅበር ደወለ። አንድ አውሮፕላን ላይ አሥራ አንድ ቦታ ተገኝቷል፣ ሰብሳቢዋ የሴቶቹን ስም ዛሬውኑ ጽፋ ትላክ፣ እዚያ ያለች ያገሯ ልጅ ወደነሱ ፊደል ትገለብጠዋለች። ሂዳያ እጇን ታጥባ፣ ጸጉር መሥሪያው ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘረጋች። መጀመሪያ ወሰኑን ጻፈች።

ዙሀራ ትከሻዋ ላይ አጎንብሳ አየች። «እንደ ፓስፖርቱ ጻፊ እንጂ፣ እታለም።»

«ይሄ የሰው ስም ዝርዝር ነው። የደላላ አይደለም።»

«ያኒ አውሮፕላኑ የናቷን ስም በምን ያውቃል?»

«በሰው ስም መጡ፣ በስማቸው ይመለሱ። ካልሆነ ይሄ ሁሉ እሑድ ምን ነበር? የመጥረጊያ ጨዋታ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። መጥረጊያውን ነው የማውቀው።»

ወሰኑ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። «በስሜ ጻፊልኝ» አለች።

ሂዳያ ጻፈች። ጀምዒያውን የትኛውን ስም እንደሚፈልግ አንድ ጊዜ ደውላ መጠየቅ ትችል ነበር። አልጠየቀችም። ብትጠይቅ የሚሏትን ታውቀዋለች።

የመሄጃው ዕለት ጧት ወደ አየር ማረፊያ የሚወስዳቸው አውቶቡስ ቆሞ ነበር። ሊሴ ፓሴ የሚባለው የመሄጃ ወረቀት፣ እንደ ፓስፖርቱ የተሞላው፣ የታደለው እዚያው፣ በሩ ላይ ነው። ስምንቱ ገቡ። አፉን በጭምብል የሸፈነው የጀምዒያው ሰውዬ የወሰኑን ወረቀት አየ፣ ዝርዝሩን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ።

«ረቢዓ የሚል የለም።»

«አለች» አለች ሂዳያ። «መጀመሪያ ላይ ያለችው እሷ ናት።»

«መጀመሪያ ላይ ያለችው ወሰኑ ናት። ይቺ ረቢዓ። ሁለት ሰው።»

«አንድ ሰው ናት።»

«ማነው ታዲያ ስሙን የጻፈው?»

ሰውዬው ቅጠሉን ገለበጠ፤ ከታተመው ሥር የሂዳያ የእጅ ጽሑፍ ነበር። ወሰኑ ተጠግታ አየችው። ጣቷን ልትዘረጋ ብላ ተወችው።

«ስሜ እኮ ነው» አለች።

ሊባኖስ ከገባች ጀምሮ ስሟ በትክክል የተጻፈበት ወረቀት ያ ብቻ ነበር። ሰውዬው ስልክ ደወለ፤ ቆመ፤ ደግሞ ደወለ። «ፓርዶን» አለ በመጨረሻ፣ ዓይኑ እውነትም አዝኖ ነበር። በሦስት ስም ጉድለት ሦስት ቦታ ለሌሎች ተሰጠ። ከሦስቱ አንዷ ፋጡ ነበረች፤ አገሯ ጥላው የመጣችው ልጅ ዘንድ መሄጃዋ ነበር።

ሲመለሱ ዙሀራ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። «ምነው?»

«ጀምዒያው ስሙን አሳስቶ» አለች ሂዳያ።

ወሰኑ ሰማች። አላጋለጠቻትም። ጫማዋን ለማውለቅ ጎንበስ አለችና እዚያው እንዳጎነበሰች ቆየች። ሂዳያ ተንበርክካ ጫማውን አወለቀችላት፤ ማሰሪያው የቁርጭምጭሚቷን ሥጋ ሰርስሮት ነበር።

ሦስት ቀን ያንን ውሸት ይዛ ዋለች። እሑድ ሴቶቹን ሰብስባ እውነቱን ነገረቻቸው፤ ዙሀራ ነግራኛለች፣ አልሰማሁም፣ ልጠይቅም አልፈለግኩም፣ ሰብሳቢነቱን ለሌላ ስጡ አለች። ፋጡ ፌስታሏን አንስታ ወጣች፤ የት እንደሄደች እስከዛሬ የሚያውቅ የለም።

«ለማን እንስጠው?» አለች ዙሀራ። የዚያን ቀን ቀልድ አልነበራትም። «ማን ይፈልገዋል? ኸላስ፣ ተቀመጪ።»

ማንም አልተነሳም። ይቅር ብለዋት አልነበረም።

ወሰኑ ሐምሌ መጀመሪያ ሆስፒታል ውስጥ ሞተች። የሰጡት ወረቀት ረቢዓ ይላል። ሂዳያ ወገል ጤና ስትደውል እናትየዋ ስልኩን አነሱ፤ ያ ወረቀት በእጇ ነበርና፣ ዓይኗ ያየውን አፏ አወጣው።

«ረቢዓ...»

«ረቢዓ የምትባል አላውቅም፣ እናቴ» አሉ ሴትዮዋ። «ተሳስተሽ ነው የደወልሽው።» ዘጉትም።

ሂዳያ ስልኩን ይዛ ቆየች። እንደገና መደወል ነበረባት። ለአንድ ደቂቃ ያህል እናትየዋ ገና ልጅ አላቸው።

ደወለች።

በሐምሌ ማለቂያ ሌላ ጀምዒያ ስድስት ቦታ አለ አለ። ሂዳያ ያንኑ ጠረጴዛ ጠርጋ ወረቀት ዘረጋች። ሴቶቹ ተሰለፉ።

«የፓስፖርት ስም» አለች ቀና ሳትል።

ሳይደናገሩ ነገሯት። ፈጥነው ነው የነገሯት፤ ዞር ብላ ከኋላዋ ሰው የፈለገች አልነበረችም። ስድስቱን ጻፈች፣ እያንዳንዱን ፊደል ሁለት ሁለት ጊዜ እያየች። ላከችው። ከዚያ ተነስታ ከበሩ ጀርባ መጥረጊያውን አወጣች። ሁለት ወር ሙሉ የተቆረጠ ጸጉር ያላየ ወለል ነው፤ ከጥግ ጀምራ ጠረገችው። ዙሀራ እግሯን አነሳችላት።