የችግኞች እድር

መምህርት የትነበርሽ የምታስተምረውን ትምህርት ሁሉም ይወስደዋል፤ ማንም አይፈልገውም። «አካባቢ ጥናት» ይባላል። የሕግ ተማሪው ከአንቀጹ፣ የአካውንቲንግ ተማሪዋ ከሂሳቧ፣ ሲቪል መሐንዲሱ ከድልድዩ፣ የአዋላጅ ነርስ ተማሪዋ ከማዋለጃ ክፍሏ ተጠርተው ጎንደር ላይ አንድ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ይታጎራሉ። የሁሉም ፊት አንድ ነገር ነው የሚለው፤ «ይሄ ደግሞ ለእኔ ምኔ ነው?»

የትነበርሽ ይህን ፊት ታውቀዋለች። ዓመት በመጣ ቁጥር ሰዎቹ ይለወጣሉ እንጂ ፊቱ ያው ነው። የድብ ባሕር ልጅ ናት፤ አጭር፣ ድምፅዋ ግን ከቁመቷ የሚበልጥ፣ ተማሪ ሲያንቀላፋ «ተነስ፣ አፈርህ ታጥቦ እየሄደ ነው!» ብላ የምትጮህ። በሌለችበት «እማማ ኮምፖስት» ይሏታል። እንደሚሏትም ታውቃለች። እንዲያውም አንድ ዓመት በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ላይ በስሟ ፈንታ ይህንኑ ጽፋ አዳራሹን ጸጥ አሰኝታዋለች።

የሚያሳፍራት ቅጽል ስሙ አልነበረም። የሚያሳፍራት ከቀሐ ወንዝ በላይ ያለው ተረተር ነበር።

ተረተሩ የአያ ቢያዝን ነው። አያ ቢያዝን በከተማው ጫፍ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ከሰው ይልቅ ፍየሎቻቸውን ያምናሉ። ባለፈው ክረምት የትነበርሽ ደጅ ጠንታ ያንን የተራቆተ ተረተር ለችግኝ መትከያ ለምናቸው ነበር። ተማሪዎቿ አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሰው መጡ፣ ቆፈሩ፣ ተከሉ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ሄዱ። ጥር ላይ ተመልሳ ስታይ ተረተሩ ላይ ቆሞ የጠበቃት አያ ቢያዝን ብቻ ነበሩ።

«ሸጋ ነው» አሏት ዱላቸውን ተደግፈው። «ፎቶው ጸድቋል መሰለኝ። ችግኙ ነው እንጂ የደረቀው።»

የትነበርሽ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ግን ድርቅ ብላ እንደገና ለመነች። አያ ቢያዝን ብዙ ካጉረመረሙ በኋላ፣ «አባትሽን የማላውቅ ብሆን እሺ አልልሽም ነበር» አሉ። «ይኸው አንዴ ልሞኝ። በመጪው ክረምት ትከሉ። ከዚያ ወዲያ ባለው ሰኔ ሚካኤል ከተከላችሁት እኩሌታው ቆሞ ካየሁ ተረተሩ የእናንተ ነው። ካላየሁ ፍየሎቼን እለቃለሁ። ሁለተኛም በዚህ ቀበሌ መሬት የሚሰጥሽ አታገኚም።»

ይህን ቃል ይዛ ነው ወደ አዳራሹ የገባችው። በዚያ ዓመት የትምህርቱ ጊዜ ተዘበራርቆ ክረምቱ ከትምህርት ጋር ገጥሞ ነበር፤ ለተማሪ እርግማን፣ ለችግኝ ምርቃት።

«ቤተሰቡ እድር የሌለው አለ?» ብላ ጠየቀች። አዳራሹ ሳቀ። ማን ሞኝ እድር ሳይገባ ይኖራል! «እንግዲህ እኛም እድር እናቋቁማለን። እድርተኞቹ እናንተ፣ ሟቹ ችግኝ። እያንዳንዱ ችግኙን በስሙ ይተክላል። ችግኝ ሲሞት ሁሉም ለቅሶ ይደርሳል፣ የሞቱን ምክንያት ያጣራል፣ ንፍሮ ይበላል። የቀረ፣ ወይም መጨረሻ የደረሰ፣ ከቀሐ አንድ ጀሪካን ውሃ ቀድቶ ተረተሩን ይወጣል።»

ከኋላ አንዱዓለም የሚባል የሕግ ተማሪ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ መተዳደሪያ ደንቡ በጽሑፍ ይሁንልን።» ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የሕግ ተማሪ ደግሞ ያልያዘውንም አይለቅም። እዚያው ጎንደር የአዲስ ዓለም ሰፈር ነጋዴ ልጅ የሆነችው ዙህራ አካውንቲንግ ስለምታጠና ገንዘብ ያዥ ሆና ተመረጠች። እድሩ ሰባራ ሳንቲም እንደሌለው ሲነገራት፣ «እንግዲያው ጀሪካን ያዥ አድርጉኝ» አለች፤ አደረጓት። ጡሩምባ ነፊ አላስፈለገም፤ ቴሌግራም ነበረ። ተተክሎ ሲያበቃ መሐንዲሶቹ ዙሪያውን በእሾህ አጠሩ፤ አጥሩን ለማጠር ከፈጀባቸው ጊዜ ይልቅ በንድፉ የተከራከሩበት ይበልጣል።

የመጀመሪያዋ ሟች አንዲት የዋንዛ ችግኝ ነበረች። መስከረም ላይ ሞተች። የቀልድ ነገር ሲሆን ጊዜ ክፍል መጥቶ የማያውቀውም መጣ፤ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው የለበሱ ሁሉ ነበሩ። «እግዜር ያጥናችሁ» አለ አንዱ፤ ዙህራም «ሶብሩን ይስጣችሁ» አለች ንፍሮውን በሰፌድ ይዛ። አንዱዓለም ከሬሳው ራስጌ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይህ በቸልተኝነት የተፈጸመ ግድያ ነው! ጥፋተኛው ተለይቶ ለፍርድ ይቅረብ!»

ፍቅርተማርያም፣ የአዲ አርቃይ ልጅ፣ አዋላጅ ነርስነት የምትማረው፣ ንግግሩን አልጠበቀችም። ተንበርክካ ችግኟን በእጇ ነቅላ ከሥሯ አፈሩን አራገፈች። ሥሩ ከነጥቁር ላስቲኩ ወጣ። «ታንቃ ነው የሞተችው» አለች። «ላስቲኩን ሳያወልቅ ነው የተከላት።» ሁሉም የተካዩ ስም የተጻፈባትን እንጨት ለማንበብ ጎንበስ አለ። «አንዱዓለም» ትላለች።

«ይግባኝ አለኝ» አለ አንዱዓለም። ይግባኙ በጀሪካን ታየለት።

ያን ዕለት የትነበርሽ መጽሐፍ አልገለጠችም። ላስቲክ አፈር ውስጥ ስንት ዘመን እንደሚኖር መሐንዲሶቹ ጠየቋት። ላስቲኩን የሠራው ፋብሪካ መልሶ እንዲሰበስብ በሕግ ይገደዳል ወይ የሚለውን አንዱዓለም ውሃ እየተሸከመ ተከራከረ። ዙህራ የሚሰበሰብበትን ወጪ ማን እንደሚችለው ጠየቀች፤ ፍቅርተማርያም በላስቲክ የታፈነ አፈር ላይ የሚበቅል እህል ለእርጉዝ ሴት ምን እንደሚያጎድል ጠየቀች። የትነበርሽ ስትጠየቅ ኖራ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም። ትምህርቱ የማንም አለመሆኑ ቀርቶ የሁሉም ሲሆን በዓይኗ አየች።

ደስታው ግን እንከን ነበረበት። ኅዳር ላይ ሟቹ በዛ። የዙህራ እናት ንፍሮ ከሽንብራውም ከስንዴውም ያለበት፣ ጨውና በርበሬው የተመጠነ፣ ዝናው ከክፍል ክፍል የተሻገረ ነበር። በዚያ ላይ ለቅሶ ማለት ከግቢ መውጫ ነው። አንዱዓለም ደግሞ በየለቅሶው ከፍቅርተማርያም ጎን መቀመጥ አመል አድርጓል፤ የሚያጽናናትም የሚጽናናውም እሱ ነው። አንድ ዓርብ የትነበርሽን መንገድ ላይ አስቁሞ «ቲቸር፣ በዚህ ሳምንት የሞተ የለም እንዴ?» አላት። ፊቱ ላይ ሐዘን የሚባል ነገር አልነበረም፤ ረሃብ እንጂ።

የትነበርሽ ክው አለች። ብታጣራ፣ የለቅሶው ቀን ዓርብ ሲቃረብ ውሃ የማጠጣት ተራቸውን ሆን ብለው የሚዘሉ ሁሉ ተገኙ። ለካ ሞትን ንፍሮ እያበላች ስታሳድገው ከርማለች! በራሷ ሳቀች፤ ቀጥላ ተናደደች። ሰኔ ሚካኤል ፊቷ ላይ ድቅን አለባት።

በቀጣዩ ክፍለ ጊዜ አዳራሹ ውስጥ አዲስ ደንብ አወጀች። «ከዛሬ ጀምሮ ለሞተ ንፍሮ የለም። ደረቅ ለቅሶ ነው፤ አልቅሶ መሄድ። አዲስ ቅጠል ላወጣ ግን አራስ ጥየቃ ይኬዳል። ገንፎ አለ።»

ገንፎውን የሚያገነፉት የአያ ቢያዝን ባለቤት እትዬ አበቡ ሆኑ፤ በፆሙ በኑግ፣ በፍስኩ በቅቤ። አያ ቢያዝን «ምነው የትነበርሽ፣ እንጨት ወልዶ ገንፎ ሲበላለት በየት አገር አይተሻል?» እያሉ ያሽሟጥጣሉ፤ ማንኪያ ሲነሣ ግን የሚቀድማቸው የለም። ፍቅርተማርያም በየችግኙ ሥር እየተንበረከከች ትመረምርና «ወለደች!» ስትል ተረተሩ በእልልታ ይናወጣል። እልልታው የወንድ ይሁን የሴት የሚል ክርክር ተነሥቶ፣ የወይራዋን ጾታ የሚያውቅ ስለጠፋ አንዱዓለም በይደር አቆየው። ሞት ቀነሰ። ውሃ አጠጣለሁ አላጠጣም የሚል ጠብ ቀርቶ «ተራዬን ነጠቀኝ» የሚል ጠብ መጣ።

ከዚያ ጥምቀት አለፈ፤ ፈተናም አለፈ። ማርክ ተሰጠ። የሕጉ ወደ ሕጉ፣ የድልድዩ ወደ ድልድዩ ተበተነ። የትነበርሽ ከዚያ ወዲያ በእነሱ ላይ ያላት ሥልጣን መንገድ ላይ ሰላም የማለት ብቻ ነበር። ቴሌግራሙ ዝም አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ራሷ ጀሪካን ይዛ ትወጣለች፤ አንዳንዴ አፈሩ ቀድሞ ርሶ ታገኘዋለች። አያ ቢያዝን ይሆናሉ ብላ ታልፋለች።

ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ አዲሶቹን ተማሪዎች እያስተማረች ሳለ ስልኳ ጮኸ።

«የትነበርሽ» አሉ አያ ቢያዝን። ድምፃቸው ከወትሮው አንሷል። «ለቅሶ አለ። ነይ። የቻልሽውን ያህል ሰው ይዘሽ ነይ።» ሌላ ምንም ሳይሉ ዘጉት።

ቴሌግራሙ ላይ «ለቅሶ አለ» ብላ ጻፈች። አንድም መልስ አልመጣም። የምታስፈራራበት ማርክ የለ፣ የምታባብልበት ገንፎ የለ። ትምህርቱን እንደምንም ጨርሳ ብቻዋን ተረተሩን ስትወጣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ያዘነችው ለዛፎቹ ብቻ አልነበረም። ያን ሁሉ ዓመት ማንም በማይፈልገው ትምህርት ላይ ስትጮህ መኖሯ ከንቱ ከሆነስ ብላ ነው።

ጫፍ ስትደርስ ቆመች።

ሁሉም ነበሩ ማለት ይቻላል። መሐንዲሶቹ የተከፈተውን አጥር ከበው ቆመዋል። አንዱዓለም ማንም ሳይፈርድበት ጀሪካን ተሸክሟል፤ ፍቅርተማርያም ሌላውን ይዛለች። ጫማቸው ላይ የከረመ የቀሐ ጭቃ ስታይ የቅዳሜው እርጥብ አፈር የማን ሥራ እንደነበረ ገባት። ዙህራ ሰፌድ ይዛለች።

«ዙህራ፣ ለሞተ ንፍሮ የለም ብለን አልነበረም?» አለቻት።

«ቲቸር፣ ያ ደንብ ለቀልዱ ለቅሶ ነበር» አለች ዙህራ። «ይሄ ግን የእውነት ነው።»

በእውነትም የእውነት ነበር። በተከፈተው አጥር በኩል ያሉት ችግኞች ተግጠው እንደ ጥርስ መፋቂያ ቀርተዋል። ገና ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ አያ ቢያዝን ከታች ብቅ አሉ። በትከሻቸው ትልቅ ድንጋይ ተሸክመዋል። በአገሩ ልማድ ሰው የበደለ ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳዩ ፊት ይቆማል፤ ይቅር ሲባል ያወርደዋል። ሊስቅ ቃጥቶት የነበረው አንዱዓለም የሽማግሌውን ፊት አይቶ አፉን ዘጋ።

«በዚህ እጄ ነው የከፈትሁት» አሉ። «ፍየሊት ወልዳ ነበር፤ ሣሩ አለቀ። አፍታ ታህል ትጋጥ ብዬ ነው። ዞር ከማለቴ…» ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ ነው፤ መጨረስ አላስፈለጋቸውም።

የትነበርሽ ቀናቱን ቆጠረች። ሰኔ ሚካኤል ቅርብ ነው። አያ ቢያዝን ዝም ቢሉ ኖሮ ማንም ሳያውቅ ውሉ ይፈርስ፣ ተረተሩም ወደ እሳቸው ይመለስ ነበር። ተማሪዎቹ ወደ እሷ አዩ።

«እኔ የሟች ዘመድ እንጂ ዳኛ አይደለሁም» አለች። «እድርተኛው ይወስን።»

ፍቅርተማርያም ቀድሞውንም ተንበርክካ ነበር። ከተጋጡት የአንዷን ቅርፊት በጥፍሯ ፋቀችና ቀና አለች። «እርጥብ ናት» አለች። «አረንጓዴ ናት! ሁሉም አይደሉም የሞቱት።» ሌሎቹም ተንበረከኩ፤ እየፋቁ፣ እየተጠራሩ፣ አንዱ «ሞታለች» ሲል ሌላው «ኧረ ይቺ አለች!» እያለ።

«ይቅር ብለናል» አለ አንዱዓለም በመጨረሻ፤ በዚህ ጊዜ ጉሮሮውን ሳይጠርግ። «ይቅር ብለናል» አሉ ሁሉም።

አያ ቢያዝን ድንጋዩን አወረዱ። ያወረዱት ግን እግራቸው ሥር አልነበረም። ወደ ተከፈተው አጥር ሄደው ፍየሏ በገባችበት አስቀመጡትና በእግራቸው ረግጠው አጸኑት። መሐንዲሶቹ ሳይነገራቸው ሌላ ድንጋይ ፍለጋ ተበተኑ።

«የሰኔ ሚካኤሉን ነገር ተዪው» አሏት እጃቸውን እያራገፉ። «ሰው ያለቀሰበት መሬት ፍየል አይሰማራበትም። እኔንም ከእድርተኛው ቁጠሩኝ።»

የትነበርሽ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አያ ቢያዝን ዙሪያውን ቃኝተው ወደ እሷ ዞሩ።

«ደንባችሁ እንዴት ነበር?» አሉ። «ለቅሶ ላይ መጨረሻ የደረሰ ምን ይሆናል?»

ሁሉም ዞሮ አያት። ጀሪካን ያዧ ዙህራ ባዶውን ጀሪካን በሁለት እጇ፣ እንደ ወጉ ጎንበስ ብላ፣ አቀረበችላት። የትነበርሽ ተቀበለችና እየሳቀች ወደ ቀሐ ወረደች።